ልጁ የሾመው ሻምበል

«ሻምበል ከየትኛው ክፍለ ጦር ነበሩ?»

ጋሼ ገብረጻድቃን ይህን የጠየቁት ሻያቸውን ሳይቀምሱ ነው። የፕላስቲክ ወንበራቸውን ወደ አምኃ ጠጋ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የቀድሞ ሠራዊት ማኅበራችን በወጉ ሊሸኛቸው ይፈልጋል። ሜዳሊያችንን አድርገን ነው የምንመጣው። ማኅበር ስልህ አራት ሽማግሎች ነን የቀረነው፤ ግን እንመጣለን።»

«ምሥራቅ ነበር መሰለኝ፣ ጋሼ» አለ አምኃ። «ብዙም አያወራም ነበር።»

«አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አጠገቤ ሲቀመጡ ስለ ጦሩ አንድ ቃል አልወጣቸውም። ብዙ የሚያወራው ያልዘመተው ነው፤ የዘመተውማ ዝም ይላል።»

አምኃ አንገቱን ደፋ። ሐዘን መሰላቸውና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። አባቱ አቶ ፋንታሁን ስለ ጦር ያላወራው ጦር ሜዳ ውሎ ስለማያውቅ ነው። ሻምበል ቀርቶ ተራ ወታደርም አልነበረም። ከሞላሌ ወጣ ብላ ባለች የደጋ መንደር ቢላ፣ ማጭድና ማረሻ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር፤ አባቱም አያቱም ያው። የመንደሩ ሰው ማረሻው ሲዶለዱም «ባለእጁ» እያለ ይለማመጠዋል፣ ዘወር ሲል ደግሞ «ቡዳው» ይለዋል። ሻምበልነት የሾመው መንግሥት ሳይሆን ልጁ ነው። ሜልቦርን ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከአምኃ በቀር ማንም አልነበረም፤ ቢያንስ ለአምኃ እንደዚያ ይመስለው ነበር።

በሜልቦርን ምዕራብ ትሩጋኒና የሚባል ሰፈር ያለ ቤት ሁሉ ሁለት መኪና የሚይዝ ጋራዥ አለው፤ መኪናው ግን ውጭ ነው የሚያድረው። ጋራዡ ለልደት፣ ለጸሎት ኅብረትና ለለቅሶ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስልሳ ወንበር መጥቶ ግድግዳ ግድግዳውን ተደርድሯል። ከዌርሃውስ ሺፍት የወጡት ከነአንጸባራቂ ሰደርያቸው ይመጣሉ፣ የኮምፒውተርና የባንክ ሠራተኞቹ ከነመታወቂያ ማሰሪያቸው። ከፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ የሟቹ ፎቶግራፍ ቆሟል፤ ኮትና ክራባት አድርጎ፣ ክራባቱ አላስተነፍስ ያለው ሰው መስሎ። ቅዳሜ ጠዋት ሶፋው ላይ እንደተቀመጠ ነበር ልቡ የቆመው። ዛሬ ሰኞ ነው። በዚህ አገር ቀብርም ቡክ ይደረጋልና ተራው የደረሰው ለዓርብ ነው።

ያ ማለት አምኃ እስከ ዓርብ አራት ቀን አለው። ዓርብ መቃብሩ ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል፤ የሚያነበው ደግሞ የበኩር ልጁ፣ እሱ ራሱ ነው።

ሽማግሌው ወንድማገኘሁ ላፕቶፑን ይዞ መጣና አጠገቡ ተቀመጠ። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ይባል እንጂ ዕድሜው ከአምኃ አይበልጥም። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደ ጋለ ነው፤ ታሪካቸውን ዛሬውኑ እንጨርሰው» አለ። አምኃ ተረቱን ሲሰማ ፊቱ ላይ ውሃ የተደፋበት ያህል ደነገጠ፤ ወንድማገኘሁ ግን ምንም ሳያስብ ነበር የተናገረው።

«ትምህርታቸውስ?»

«የቄስ ትምህርት።»

«ከዚያ ጦር አካዳሚ?»

«አዎ» አለ አምኃ።

ወንድማገኘሁ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። ውሸት አንዴ ከተወለደ ቀለብ ይፈልጋል፤ አምኃ እነሆ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሲቀልበው ኖሯል።

ሲወለድ ግን ትንሽ ነበር። ምህንድስና ጨርሶ፣ አዲስ አበባ ላይ እየሩን ሊያገባ ሽማግሌ ሲልክ፣ ከመሄዳቸው በፊት «አባትህን ምን እንበል?» ብለው ጠየቁት። የእየሩ እናት እትዬ በለጥሻቸው ዘራቸውን እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ ሴት ናቸው። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ በክርስቶስ ሁሉም አንድ ነው ብሎ ይዘምራል፤ ልጅ ሲድር ግን አጥንት ይጠይቃል። አምኃ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለ ያየውን አስታወሰ። አንዲት ሴት የታመመ ልጇን ታቅፋ ደጃቸው ላይ ቆማ፣ «እባክህ እንትፍ በልበትና ልቀቀው» እያለች አባቱን ለመነችው። አባቱ መዶሻውን አስቀመጠ፣ ተነሣ፣ በልጁ ግንባር ላይ እንትፍ አለ። ከዚያ ተመልሶ ሥራውን ቀጠለ። አልተቆጣም። አምኃን ያንገበገበው ያ አለመቆጣቱ ነበር። ሽማግሎቹን፣ «ጡረታ የወጣ ሻምበል ነው በሉልኝ፤ አገር ቤት ታሞ ተኝቷል» አላቸው።

ለአባቱ ደግሞ በስልክ ነገረው።

«እንግዲህ ለሠርጉ አልመጣም ማለት ነው» አለ አባቱ። ቀጥሎ፣ «ሕመሜ ምንድን ነው? ሰው ቢጠይቀኝ እንዳልስት» አለ።

«ጉበት በል።»

«ጉበት። ደግ። በርታ ልጄ፣ እኔ ከዚህ ሆኜ እመርቃችኋለሁ።»

አምኃ ይህን ሲያስብ ወንድማገኘሁ «የማዕረግ ዕድገታቸውን ታስታውሳለህ?» ብሎ ጠየቀው። አላስታውስም አለና ሻይ ላምጣ ብሎ ተነሣ።

ማክሰኞ ከቀትር በኋላ እትዬ በለጥሻቸው ከአስኮት ቬል መጡ። እዚያ ከወንድ ልጃቸው ጋር በመንግሥት ፍላት ነው የሚኖሩት። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ፎቶግራፉ ፊት ቆሙና ጥቂት አለቀሱ። ከዚያ ተቀምጠው ለሴቶቹ ያወሩ ጀመር።

«ሰው ማለት ሻምበል ነበሩ» አሉ። «ዝምታቸው። ቁጥብነታቸው። የጨዋ ልጅ በአፉ ሳይሆን በዝምታው ነው የሚታወቀው።»

እየሩ ምጣድ ያላየ፣ ከሱቅ የተገዛ እንጀራ በትሪ እየጠቀለለች ሰማቻቸው። «አባዬ ሁለተኛ አባቴ ነበር» አለች። አባዬ የምትለው ከልቧ ነው። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሽማግሎችን ስታጥብና ስታጎርስ ውላ ቤት ስትገባ እንደገና የእሱን እግር በሞቀ ውሃ ትዘፈዝፍ ነበር።

አምኃ በጋራዡና በኩሽናው መካከል ያለው በር ላይ ቆሞ ይሰማል። አባቱ ከአገር ቤት የመጣ ሰሞን፣ ያኔም እትዬ በለጥሻቸው እንዲህ ተቀምጠው ነበር። ከዚያ በፊት ከአየር ማረፊያ ሲመጡ መኪና ውስጥ አስጠንቅቆታል። «አባዬ፣ እዚህ ሰዉ ሻምበል ነው የሚልህ።» አባቱ በመስኮቱ የከተማውን ፋብሪካዎች እያየ፣ «ትልቅ ማዕረግ ነው?» ብሎ ጠየቀው። «መካከለኛ ነው» አለው። «እንግዲያስ ጥሩ ነው፤ ትልቅ ቢሆን አይሆንልኝም ነበር።»

በመጀመሪያው እሑድ ምሳ ላይ ግን ያላጠኑት ጥያቄ መጣ። እትዬ በለጥሻቸው፣ «ሻምበል፣ አባትዎስ ምን ነበሩ?» አሉት። አባቱ ጉርሻውን ሳህኑ ላይ መለሰ። አምኃን አየው። አምኃ ደግሞ ሳህኑን አየ።

«ጭቃ ሹም ነበሩ» አለ አባቱ።

በማግስቱ ጠዋት አምኃ ሥራ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር መጥቶ አጠገቡ ቆመ። «አባቴ መዶሻ ያስያዘኝ ስድስት ዓመቴ ላይ ነው» አለ። «ትናንት ጭቃ ሹም አደረግሁት።» ሌላ አልጨመረም። አምኃ ያን ቀን ባቡር ውስጥ ቆሞ ሲሄድ እንዳይታይ ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። በአባቱ ከማፈሩ አልፎ፣ አባቱን የአያቱ ከሃዲ አድርጎታል። ይህን ያህል ያውቅ ነበር። ግን አንድም ነገር አላስተካከለም። ነገ እያለ ስምንት ዓመት አለፈ።

ረቡዕ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ጋራዡ ሞልቶ ሳለ አንድ ረጅም ፈረንጅ ሽማግሌ መጣ። ጀርባው ጎብጧል፣ እጆቹ ትልልቅ ናቸው። በግራ ብብቱ ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። በሩ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ።

አምኃ አወቀው። ሮን ነው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከመኪና ውስጥ ሆኖ አይቶታል።

ዌስት ፉትስክሬይ ውስጥ ጡረተኞች ተሰብስበው እንጨትና ብረት የሚሠሩበት አንድ የቆርቆሮ አዳራሽ አለ፤ ሜንስ ሼድ ይሉታል። አባቱ ያን ሰፈር ሲዞር በጆሮው ነበር ያገኘው፤ የመዶሻ ድምፅ ሰምቶ ገባ፣ ከዚያ ማክሰኞና ሐሙስ ቀርቶ አያውቅም። አምኃ ለሰው «የእንግሊዝኛ ትምህርት ነው የሚሄደው» ይላል። አንድ ሐሙስ ሊወስደው ሄዶ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አገኘው። አባቱ የቆዳ ሽርጥ አድርጎ፣ የመኪና ባሌስትራ በጉጠት ይዞ ከእሳት ሲያወጣ አየ። አምስት ስድስት ፈረንጆች ከበውታል። አባቱ የብረቱን ቀለም እያሳየ በአማርኛ ይናገራል፣ ይህ ሰውዬ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፣ ሁለቱም ይስቃሉ። አምኃ አባቱ እንዲያ ሲስቅ አይቶ አያውቅም። ወርዶ አልገባም። ክላክስ አድርጎ መኪናው ውስጥ ጠበቀ።

አሁን ደግሞ ቃልኪ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጁ፣ ፈረንጁን እጁን ይዛ ታስገባዋለች። አምኃ ጠጋ ብሎ «ማን ነው የጠራው?» አላት።

«እኔ ነኝ የደወልኩለት» አለች በእንግሊዝኛ። «ቤስት ፍሬንዱ እኮ ነው፣ ዳድ። ማንም አልነገረውም።»

ወንድማገኘሁ እንግዳውን በአክብሮት ተቀበለና ለሰዉ ሁሉ፣ «ወንድማችን ጥቂት ቃል ሊናገሩ ይፈልጋሉ፤ አምኃ ይተረጉምልናል» አለ።

ሮን ፎቶግራፉ አጠገብ ቆመ። አነጋገሩ የጥንት የሰሜን እንግሊዝ ነው፤ ቃላቱን ግማሹን ይውጣቸዋል፣ ተምሮ የመጣው ወጣት እንኳ ጆሮውን አቁሞ ነበር የሚያዳምጠው።

«የተወለድኩት ሼፊልድ ነው» አለ። «የብረት ከተማ ይሏታል። ቤተሰባችን ቢላ ሠሪ ነው። አያቴ ስለት ሲስል የድንጋዩ አቧራ ሳንባውን በልቶት ሞተ። በእኛ ከተማ በአንዲት ጠባብ ክፍል ለብቻው የሚሠራውን ባለሙያ ትንሹ ጌታ ብለን ነበር የምንጠራው። ዛሬ ጥቂት ናቸው የቀሩት። እኔ እዚህ ሜልቦርን ላይ፣ በሰማንያ ዓመቴ፣ ሌላ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። ፋንታሁን ሙቀት መለኪያ አያውቅም፤ ብረቱ የገለባ ቀለም ሲይዝ ውሃ ውስጥ ይከተዋል፣ አንድ ቀን ስቶ አያውቅም። ከአባት ወደ ልጅ ሰባተኛው ቀጥቃጭ ነኝ ብሎ በጣቱ ቆጠረልኝ፤ ስማቸውን አንድ በአንድ አስጠናኝ። ባለሙያ ነበር። ከእኔ ይበልጥ ነበር።»

ዞር ብሎ አምኃን ጠበቀ። ስልሳ ወንበር ላይ ያለ ሰው ሁሉ አምኃን ጠበቀ።

«ጓደኛው ነበርኩ ይላል» አለ አምኃ። ድምፁ ለራሱም የሌላ ሰው መሰለው። «አብረን እንግሊዝኛ እንማር ነበር ይላል። ደግ ሰው ነበር ይላል።»

ሮን ፈገግ ብሎ፣ «አማርኛ አጭር ቋንቋ ነው መሰለኝ» አለ።

የሳቀለት የለም። አምኃ ዓይኑን ሲያነሣ ቃልኪ አፏን ከፍታ ታየዋለች። ከእሷ ኋላ እየሩ የብርጭቆ ትሪ እንደያዘች ቆማለች። ቀኑን ሙሉ የእንግሊዝ ሽማግሎች አነጋገር ስትሰማ ነው የምትውለው፤ አንድ ቃል አላመለጣትም።

ያኔም ቢሆን ነገሩ በዚያው ይቀር ይሆናል። ግን ሮን ጨርቁን ፈትቶ ይዞት የመጣውን ከፎቶው ፊት አስቀመጠ። እጀታው ከቀይ እንጨት የሆነ ቢላ ነው። ሴቶቹ «ውይ፣ ለቅሶ ቤት ቢላ?» ተባባሉ። እትዬ በለጥሻቸው ግን አነሡት። መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። ስለቱ ሥር፣ ብረቱ ላይ፣ «ፋ» የምትል ፊደል ተመትታለች።

«ማን ነው የሠራው ይሄን?» አሉ በአማርኛ፣ ፈረንጁን እያዩ።

ሮን ቋንቋውን አያውቅም። ጥያቄው ግን ገባው። እጁን ዘርግቶ ወደ ፎቶግራፉ አመለከተ። ከዚያ በቀኝ እጁ መዶሻ የያዘ አስመስሎ አየሩን ሦስት ጊዜ መታ፣ እንደገናም ወደ ፎቶው አመለከተ፤ በኩራት።

ይህን መተርጎም አያስፈልግም ነበር።

እትዬ በለጥሻቸው ቢላውን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ መለሱ። ጣቶቻቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ጋሼ ገብረጻድቃን ወለሉን አዩ። ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አምኃ ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ ነበር፤ የትሩጋኒና ጋራዥ ወለል ግን ኮንክሪት ነው፣ አይከፈትም።

ሰዉ ከወትሮው ቀድሞ ተበተነ። እየሩ አምኃን ከወንበሮቹ መሀል አገኘችው። ጮኻ አልተናገረችም።

«ሠርጋችን ላይ ያልመጣው ለዚህ ነው?»

«አዎ።»

«ጉበቱስ?»

«ጉበቱ ደኅና ነበር።»

«ሦስት ቀን ጾሜአለሁ እኮ» አለች። «ሙሽራ ሆኜ፣ ሦስት ቀን እህል ሳልቀምስ፣ ጌታ ሆይ ጉበቱን ፈውሰው እያልኩ። ለሌለ በሽታ።» ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ቀጥቃጭ መሆኑን ብትነግረኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ እናቴንም እፈራ ነበር። ምናልባት ትቼህ እሄድ ነበር። ግን ያቺን እድል አልሰጠኸኝም። ለእሱም አልሰጠኸውም። ስምንት ዓመት እግሩን ሳጥበው አንድ ቀን እንኳ ማንነቱን አውቄ አላጠብኩትም።»

«አፈርኩ፣ እየሩ።»

«በእሱ ነው በራስህ?»

 አሥራ ስምንት ዓመት በአባቱ ነበር ያፈረው፤ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ግን ሐፍረቱ ዞሮ እሱኑ ያዘው፣ ያኛው ደግሞ የት እንደገባ አላወቀም። ከደጅ የእትዬ በለጥሻቸው ድምፅ ተሰማ፤ «ቃልኪ እኔ ዘንድ ትደር፤ ልጅቷን ከዚህ ቤት ላውጣት» ይላሉ። ቃልኪ በእንግሊዝኛ «አልሄድም» አለች። እየሩ ተነሣች። «እናቴን ልሸኛት» አለችና ወጣች፤ ከዚያ በኋላ አላናገረችውም።

ሐሙስ ወንድማገኘሁ የተስተካከለ ጽሑፍ ይዞ መጣ። ወረቀቱን ሲሰጠው አይኑን አላየውም። «ሽማግሎቹ ተወያይተናል» አለ። «ሻምበል የሚለውን አውጥተነዋል። ሌላውንም ማንሣት አያስፈልግም። በልዩ ልዩ ሙያ አገራቸውን አገልግለዋል ብለነዋል። ማንም አይጎዳም፤ ውሸትም አይደለም። ሰው ይረሳል፣ አምኃ። ሁለት ወር ቢፈጅበት ነው።»

መልካም ወረቀት ነበር። አንድ ገጽ፣ ሁለት ጥቅስ፣ በልዩ ልዩ ሙያ። አምኃ ሦስት ጊዜ አነበበውና በእያንዳንዱ ጊዜ አባቱ ከመስመሮቹ መካከል ጠፋበት። አጣጥፎ ኪሱ ከተተው። ምስጋናውን ተናገረ። ያነበዋል ብሎ ራሱ አምኖ ነበር።

ዓርብ ነፋስ ነበር። መቃብሩ ያለው ከከተማው ምዕራብ ጫፍ ነው፤ ዛፍ የለም፣ አፈሩ ጥቁር ድንጋይ የበዛበት ነው። ሰዉ መጥቷል። ጉዱን የሰማውም ሰምቶ ነው የመጣው፤ ሐበሻ ሊያማህ ይችላል፣ ቀብርህን ግን አይቀርም። እትዬ በለጥሻቸውም ከልጃቸው ክንድ ተደግፈው ከኋላ ቆመዋል። አራቱ ሽማግሎች ሜዳሊያቸውን አድርገው ተሰልፈዋል፤ ጋሼ ገብረጻድቃን ግን ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው ሜዳሊያውን ሸፍነውታል። ሮን ከእየሩና ከቃልኪ አጠገብ ባርኔጣውን ይዞ ቆሟል።

አምኃ ወረቀቱን አወጣ። የትውልድ ቦታና ዘመን አነበበ። የወላጆች ስም አነበበ። «በልዩ ልዩ» ላይ ሲደርስ ቆመ።

ነፋሱ ወረቀቱን ያርገበግበዋል። ወንድማገኘሁ መስመሩ የጠፋበት መሰለውና በሹክሹክታ «ሙያ» አለው።

«ሻምበል አልነበረም» አለ አምኃ። «እኔ ነኝ የሾምኩት። አባቴ ቀጥቃጭ ነበር። ቢላ፣ ማጭድ፣ ማረሻ፣ ምሳር ይሠራ ነበር። በሠራው እየበላችሁ የምትንቁት ዓይነት ሰው... የምንንቀው ዓይነት። ከሁሉ በላይ የናቅሁት እኔ ነኝ። ለሠርጌ አልጠራሁትም። እትዬ በለጥሻቸው፣ አያቴ ጭቃ ሹም አልነበረም፤ አባቴ እንዲያ ያለው እኔን ላለማሳፈር ነው። ጋሼ ገብረጻድቃን፣ ምሥራቅ ያልኩዎት ውሸት ነው።»

 ቀጠለ።

«ሰባተኛው ቀጥቃጭ ነበር። አባቱ ወልደሰማዕት ይባላል። የወልደሰማዕት አባት ሸዋዬ። የሸዋዬ አባት...» ወረቀቱን አየ። ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ጭንቅላቱ ውስጥም የለም። አባቱ ስንት ጊዜ ሊነግረው እንደጀመረና እሱ ስንት ጊዜ ስልክ እያነሣ እንዳቋረጠው አስታወሰ። «ከዚያ ወዲያ አላውቅም» አለ። «እዚህ መሀላችን የሚያውቅ አንድ ሰው ነው፤ ሮን ነው።»

ሮን ስሙን ሰምቶ ቀና አለ። ሰዉ ሁሉ ለምን እንደሚያየው አልገባውም። ቃልኪ ወደ ጆሮው ቀርባ ነገረችው። ሽማግሌው ጉሮሮውን ጠረገና፣ የወፈረ አንደበቱ እየተሰናከለበት፣ ከሸዋዬ ቀጥሎ ያሉትን አራት ስሞች አንድ በአንድ ጠራ። ሁለቱ ስሞች ክፉኛ ተሰባብረዋል፤ ቢሆንም ስም ናቸው። አምኃ እያንዳንዱን ከኋላው ተከትሎ ደገመ። እየሩ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከጸሎቱ በኋላ ወንዶቹ አፈሩን ለመመለስ አካፋ አነሡ። ልማዱ ነው፤ ማሽን ይቁም ይባልና የራሳችንን ሰው በእጃችን እንቀብራለን። አምኃ ሸሚዙን ጠቅልሎ ገባ። አምስት ስድስት ጊዜ ዛቀ። ሰባተኛው ላይ አካፋው ጥቁር ድንጋይ መታና ጫፉ ወደ ላይ ተጣጠፈ።

ሌላ አካፋ ሊያቀብሉት እጅ ተዘረጋ። አምኃ አላየውም። ከአፈሩ ክምር ጎን ተንበረከከ። ጠፍጣፋ ድንጋይ አስተካክሎ አስቀመጠ፣ የተጣጠፈውን ጫፍ በላዩ ዘረጋ፣ እጁን የሚሞላ ሌላ ድንጋይ አነሣና መቀጥቀጥ ጀመረ። አልተጣደፈም። ሁለት ጊዜ ጠንከር፣ አንድ ጊዜ ቀለል እያደረገ፣ ከዳር ወደ መሀል፤ ማንም ሳያስተምረው፣ አይኑ ብቻ በልጅነቱ የተማረውን። የብረቱ ድምፅ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ሩቅ ሄደ። አራት መቶ ሰው ቆሞ የአቶ ፋንታሁን ልጅ ሲቀጠቅጥ አየው። ጫፉ ሲቃና አውራ ጣቱን በላዩ አስኬደና ተነሣ። ጉድጓዱ እስኪሞላ አካፋውን ለማንም አልሰጠም።

ሲያልቅ ሰዉ ለማጽናናት ተሰለፈ። አምኃ እጁን አየው። መዳፉ ከብረቱና ከጥቁሩ አፈር የተነሣ ጠቁሯል፣ አውራ ጣቱ ጎን ላይ ተጭሯል። ከሱሪው ኪስ ነጭ መሀረብ አወጣ። ከሰልፉ ፊት ጋሼ ገብረጻድቃን ናቸው፤ ካፖርታቸው እንደተቆለፈ ነው፣ ፊታቸው አይነበብም።

አምኃ መሀረቡን ሳይጠቀምበት መልሶ ኪሱ ከተተና እጁን እንዳለ ዘረጋላቸው።